የእንየው ጆሮ

ለዚያ ትንሽ ፍጥረት፣ ሌት ብቻ ለሚኖር፣
ስም ፈልጌ ነበር ከዘጌ ቡና ሥር።
አንዱ «የሌት ጦጣ»፣ ሌላው «ዓይነ ፋኖስ»፣
ሦስተኛዋ ግን ፈራች፣ ሰምታው ሲያለቅስ፤
አማትባ አለችኝ፣ «ተወው፣ አትጠይቅ፣
ነፍስ ነው፣ የሕፃን፣ የሞተ ሳይጠመቅ።»

እንየው ግን ሳቀ።
ሃያ ሁለት ዓመት ቡና ሲጠብቅ ኖሮ
ዓይኑን ሞራ ወስዶት፣ የቀረው በጆሮ፤
ባትሪውን ለእንግዳ እንጂ ለራሱ አያበራ።
«ነፍስማ ሙጫ ስትልስ አታድርም ከግራር ጋራ፤
እጇን በሽንቷ አርሳ ቅርንጫፍ አትጨብጥም።
ቁጭ በል፤ እስክትለምደው ጨለማ አይጥምም።
ስሜን እንየው አሉኝ፣ ዓይን ነበረኝ ያኔ፤
እንስማው በለኝ አሁን፣ ተጠጋ ወደ እኔ።»

ተቀመጥን። ባሕሩ ከታች ድንጋዩን ይልሳል፣
የባሕር ዳር መብራት ከማዶ ይርሳል፤
እንጨት የጫነች ታንኳ ዘግይታ ታዘግማለች።
ከፊታችን ዋንዛው፣ ሆዱ የተቦረቦረ፣
ጡጫ የምታህል በር ከወገቡ የቀረ።
ቀኑን እዚያ ይተኛሉ፣ ጅራት በጅራት ታቅፈው፣
አፍንጫ ከብብት ቀብረው፣
ስስ ጆሯቸውን እንደ ተነበበ ደብዳቤ አጥፈው።

«አሁን» አለ እንየው።
እኔ ምንም አልሰማሁ።
«አንዷ ወጣች፤ ቅርፊቱ ላይ ቆማ ታካለች።
ሁለት። ወንዱ ነው፤ ሲዘል ቅርንጫፍ ይመታል፣ አያውቅበትም።
ሦስት።»
ቆየ።
«አራት። እናትየዋ ናት፤ ልጇን በአፏ ይዛለች፣
ለዚህ ነው የማትጮኸው።»

ባትሪውን ሰጠኝ፣ ቀይ ጨርቅ አስሮበት፤
ሁለት ፍም አየሁ፣ እንጨት የሌለበት።
ፊት አልነበረም እዚያ፣ ዓይን ብቻ ነበረ፣
የተረፈው ገላ ለዓይን እግር ሊሆን የተፈጠረ።
ወዲያው ጠፋ። አንድ ቅጠል ሳይነቃነቅ
ከዋንዛው ወደ ብሳናው፣ ሁለት ሰው ቁመት የሚርቅ፣
የእሳት ራት በአየር ላይ ቀልቦ፣
ክንፏን ተፍቶ፣ የቀረውን ቆርጥሞ።

እናት ልጇን ከባላ ላይ አስቀምጣ ሄደች።
«አደራውን ለማን ሰጠች?» አልኩት።
«ለዝምታው» አለኝ። «ልጅ ካልጮኸ ማን ያገኘዋል?»

በጥቅምት መጋዝ መጣ።
ባለቤቱ ሙሉሰው ለቤት ጣውላ ሽቶ፣
ሁለት ቆራጭ ይዞ፣ በጠዋት ተነሥቶ።
እንየው አልለመነም፤
«በቀን አትቁረጡት፣ ተኝተዋል» አለ።
ሳቁበት! «በሌት እንጨት የሚቆርጥስ ሌባ አይደለ?
ሃያ ሁለት ዓመት ሌባ ያባረረ ሰው
በሌት ኑ ይለን ጀመር፣ ምን ነካው?»
ሙሉሰው ግን አልሳቀም። ከግንዱ ሥር ተቀመጠ።
ቆራጮቹ ሽምብራ ቆሎ፣ እሱ ዝምታ ቆረጠመ፤
ጥላው ረዘመ፣ ባሕሩ መዳብ ሆነ፣ ደበዘዘ።

እንየው ጆሮውን ከግንዱ ላይ ለጠፈ።
«አንድ» አለ።
«ሁለት» አለ።
ሦስተኛው ብዙ ቆየ። ቆራጩ ሰዓቱን አየ፣ ጉሮሮውን ጠረገ።
«ሦስት።»
ከዚያ ምንም። የጉርጥ ድምፅ። የሩቅ ሞተር ጀልባ።
«አራት» አለ በመጨረሻ፤
ሰምቶ ይሁን ደክሞት እስከ ዛሬ አላውቅም።
መጋዙን አስነሡ።

ዋንዛው ከወደቀ በኋላ እጄን ከሽንቁሩ አገባሁ።
ማንም አልነበረም።
ቅጠሉ ሙቅ ነበር።

እንየው ግን ካፖርቱን ደርቦ አሁንም ይመጣል፣
ከጉቶው ፊት ለፊት ቦታውን ይይዛል።
«ምን ይሰማል ከዚህ?» ስለው፣ «ምንም» ይላል፤
«ጆሮዬ ግን ለምዷል።»

በየካቲት አንድ ሌሊት፣ ነፋስ ሳይኖር፣ ሳይበርድ፣
ከውኃው ዳር ሾላ ላይ ጩኸት ሰማን ድንገት፤
ቀጭን፣ ያልበሰለ፣ ጮሆ የማያውቅ ድምፅ፣
ደግሞ ሞከረው።
ውኃ ይዛ የምትወጣ ሴት እንስራዋን አስቀምጣ አማተበች።
እንየው ጣቱን አነሣ፣ ዓይኑን ጨፈነ፣
የማያየውን ዓይን፣ ሊሰማ፣
አነሣሁ እኔም ባትሪውን፣ እንዳላበራ ግን ያዘኝ በእጁ፤
«አምስት» አለ፣ «ልጁ።»